ሙቀት ኖራን ከውሃ ለምን ያስወጣል? ስለ ሟሚነት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂያችን የጻፉልን ባጭሩ ይህ ነው፦ የሚኖሩት ድሬዳዋ ነው። የቧንቧ ውሃ የሚያፈሉበት ማንቆርቆሪያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከውስጥ በኩል ድንጋይ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ አዲስ አበባ እህታቸው ቤት ያለው ተመሳሳይ ማንቆርቆሪያ ግን ዘወትር ውሃ እየፈላበት ንጹሕ እንደሆነ ነው። በትምህርት ቤት «ሙቀት ሲጨምር ሟሚነት ይጨምራል» ተብለው ስለተማሩ፣ ሙቅ ውሃ ይበልጥ ማሟሟት ሲገባው የያዘውን መልሶ መጣሉ ግራ አጋብቷቸዋል። ቅርፊቱ ጤናን ይጎዳ እንደሆነና በምን እንደሚለቅም ጠይቀዋል።

ግራ መጋባትዎ ትክክለኛ ነው፤ እንዲያውም በዚህ ርዕስ ላይ ሊጠየቁ ከሚችሉት ጥያቄዎች ሁሉ ይህን እመርጣለሁ። የተማሩት ዓረፍተ ነገር ለስኳር፣ ለብዙ ጨዎችም ይሠራል፤ ነገር ግን ሕግ አይደለም። ሟሚነት የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ጠባይ ነው፤ አንዱ በሙቀት ይጨምራል፣ ሌላው ከነበረበት ፈቀቅ አይልም፣ ሌላው ደግሞ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ፣ በማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚሆነው ነገር አንድ ንጥረ ነገር በሙቀት ምክንያት ከመዝቀጡ የረቀቀ ነው፤ ከውሃው ውስጥ ተሰናብቶ የሚሄድ አንድ ጋዝ አለ፣ ቅርፊት የሚሆነውን ኖራ አሟሙቶ ይዞት የነበረውም ያ ጋዝ ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እናስተካክል። ስኳር ውሃ ውስጥ ጨምረን ስናማስል ስኳሩ ሟሚ፣ ውሃው አሟሚ፣ ከሁለቱ የሚገኘው ጥርት ያለ ፈሳሽ ሙሙት ይባላል። ሟሚነት ስንል፣ የተወሰነ መጠን ያለው አሟሚ በተወሰነ ሙቀት ላይ ሊይዘው የሚችለው ከፍተኛው የሟሚ መጠን ማለታችን ነው። እዚያ ጣሪያ ላይ የደረሰ ሙሙት የጠገበ ይባላል። በጠገበ ሙሙት ሥር የተቀመጠ ክሪስታል ሲታይ ምንም የማይሆን ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ቅንጣቶቹ ያለማቋረጥ ከክሪስታሉ እየለቀቁ ወደ ውሃው ይገባሉ፣ ከውሃውም እየተመለሱ ክሪስታሉ ላይ ያርፋሉ። የሚወጣውና የሚገባው እኩል ስለሆነ ብቻ ነው መጠኑ የማይለወጠው። ይህ ሚዛን በኋላ ስለሚያስፈልገን ልብ ይበሉት።

አሁን ቁጥሮችን እንይ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ግራም ውሃ ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ስኳር ያሟሟል፤ በ100 ዲግሪ ላይ ግን ከ480 ግራም በላይ ይይዛል። ፖታሲየም ናይትሬት የተባለው ጨው ከዚህም ይብሳል፤ በ20 ዲግሪ 32 ግራም ገደማ የነበረው በ100 ዲግሪ 245 ግራም ገደማ ይደርሳል። የወጥ ቤት ጨው ግን በ20 ዲግሪ 36 ግራም፣ በ100 ዲግሪ 39 ግራም ነው፤ ውሃው ከቀዝቃዛ ወደ ፍል ተለውጦ ጨው የመያዝ ችሎታው የጨመረው በሦስት ግራም ብቻ ነው። የተቃጠለ ኖራ በውሃ ሲበርድ የሚገኘው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ በ20 ዲግሪ 0.17 ግራም፣ በ100 ዲግሪ 0.07 ግራም ገደማ። የተጣራ የኖራ ውሃ ቢያሞቁ፣ ምንም ሳይጨምሩበት ሲደፈርስ ያዩታል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከጉልበት ሒሳብ ነው። አንድ ጨው ሲሟሟ ሁለት ሥራ ይሠራል። በመጀመሪያ በክሪስታሉ ውስጥ አጥብቀው የተያያዙት አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች፣ መላቀቅ አለባቸው፤ ይህ ሙቀት ይበላል። ቀጥሎ እያንዳንዱን አዮን የውሃ ሞለኪውሎች ይከቡታል፤ ይህ ሙቀት ይሰጣል። የሚበላው ከሚሰጠው ከበለጠ ውሃው በማሟሟቱ ይቀዘቅዛል፤ እንዲህ ያለ ጨው ከውጭ ሙቀት ሲጨመርለት ይበልጥ ይሟሟል። የሚሰጠው ከበለጠ ነገሩ ይገለበጣል። የወጥ ቤት ጨው ላይ ሁለቱ ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም፤ በአንድ ሞል (ኬሚስቶች የንጥረ ነገርን መጠን በሚለኩበት አሃድ) ውስጥ ልዩነቱ 4 ኪሎ ጁል ገደማ ብቻ ነው፤ የሙቀት ለውጥ ብዙም ግድ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ለ ሻተልዬ በ1884 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የደነገገው መርሕ ይህን ሁሉ ይጠቀልለዋል፦ በሚዛን ላይ ያለን ነገር ብትነካው ለውጡን ወደሚያለዝብበት አቅጣጫ ይሄዳል። ሙቀት ከጨመሩበት ሙቀት ወደሚበላበት ወገን ያዘነብላል። ይህን መርሕ ያወቀ ተማሪ «ሙቀት ሟሚነትን ይጨምራል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መሸምደድ አያስፈልገውም፤ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ራሱ ያወጣዋል። መምህራን በዚህ በኩል ቢጀምሩ እጅግ እመርጣለሁ።

በነገራችን ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ኢንዱስትሪ ቆሞበታል። በአፋር ዳሎል አካባቢ እንደሚገኘው ባለ የፖታሽ (የፖታሲየም ጨዎች) ክምችት ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ ከወጥ ቤት ጨው ጋር ተደባልቆ ሲገኝ፣ ሁለቱን ለመለየት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ሙቅ ውሃ ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ በ20 ዲግሪ 34 ግራም፣ በ100 ዲግሪ 56 ግራም ይሟሟል። ስለዚህ ሁለቱን በሙቅ ውሃ ውስጥ እስኪጠግብ አሟሙቶ ማቀዝቀዝ ነው፤ ፖታሲየም ክሎራይዱ ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል፣ የወጥ ቤት ጨው ግን መቀዝቀዙ ብዙም ስለማይነካው አብዛኛው ሙሙቱ ውስጥ ይቀራል።

ወደ ማንቆርቆሪያው እንመለስ። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም የኖራ ድንጋይ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የእብነ በረድ ዋና ይዘት። ይህ ነገር በንጹሕ ውሃ ውስጥ የለም ሊባል በሚችል መጠን ነው የሚሟሟው፤ በ25 ዲግሪ በአንድ ሊትር ውስጥ 14 ሚሊ ግራም ገደማ። የጠንካራ ውሃ፣ ማለትም ኖራ የበዛበት ውሃ፣ ምርመራ ውጤት ግን በሊትር ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሚሊ ግራም ያሳያል። ይህን ያህል ከየት መጣ? መልሱ፣ ድንጋዩ በውሃው ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ አልሟሟም የሚል ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ከአየር ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ወደ መሬት ሲሰርግ ግን ሌላ ዓለም ያገኛል፤ ሥሮችና ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች በሚተነፍሱበት አፈር ውስጥ ያለው አየር፣ ከላይ ካለው አየር ይልቅ አሥር እጥፍ፣ ሲበዛም መቶ እጥፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። ውሃው ይህን ጋዝ ሲጠጣ በመጠኑ አሲድ ይሆናል። ከዚያ የኖራ ድንጋይ ሲያገኝ አንድ የካልሲየም ካርቦኔት፣ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድና አንድ የውሃ ሞለኪውል ተጣምረው ካልሲየም ባይካርቦኔት ይሰጣሉ። ባይካርቦኔቱ እንደ ካርቦኔቱ ግትር አይደለም፣ በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ድንጋይ ተሸክሟል። በተራ አየር ሥር በሊትር 50 ሚሊ ግራም ገደማ የኖራ ድንጋይ የሚያሟሟ ውሃ፣ ከአፈር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኝ ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ያህል ይይዛል። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ጋዙ አሥር እጥፍ ሲጨምር የሚሟሟው ድንጋይ በእጥፍ ገደማ ብቻ መጨመሩ ነው፤ አንዱ በሌላው ኩብ ሥር ልክ ነው የሚሄደው።

የባሌ ሶፍ ዑመር ዋሻ የዚሁ ሥራ ውጤት ነው። የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ መተላለፊያዎችን የፈለፈለው ጉልበቱ ብቻውን አይደለም፤ በውስጡ የሟሟው ጋዝ ድንጋዩን ወደ ሙሙት እየለወጠ አግዞታል። በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠሉት የድንጋይ ቅርጾች ደግሞ የተገላቢጦሹን ያሳያሉ፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ዋሻው አየር ጋዙን ሲለቅ ኖራው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማንቆርቆሪያዎ ያንኑ ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል።

እንዴት? እዚህ ላይ የጋዞች ሟሚነት ይመጣል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን ከፈሳሹ በላይ ባለው የዚያ ጋዝ ግፊት ልክ ነው። (አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ዓሣ ለሚያረቡ ሰዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።) ሙቀት ደግሞ ጋዝን ያባርራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን በከባቢ አየር ግፊት ሲቀመጥ፣ በ20 ዲግሪ በአንድ ሊትር ውሃ 1.7 ግራም ገደማ ይሟሟል፤ በ60 ዲግሪ 0.6 ግራም እንኳ አይሞላም። የጋዝ ሞለኪውል ሲሟሟ ሙቀት ይሰጣል፤ ስለዚህ ከላይ ባየነው መርሕ መሠረት ሙቀት ሲጨመር ይወጣል።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ክዳን በሌለው ድስት ውሃ ይጣዱና ሳይቸኩሉ ይከታተሉ። ውሃው ከመፍላቱ በፊት፣ ገና እጅ ማቃጠል ሲጀምር፣ በድስቱ ወለልና ግድግዳ ላይ እንደ ጤፍ ያነሱ አረፋዎች ይለጠፋሉ፤ እነዚህ እንፋሎት ሳይሆኑ ሟሙተው የነበሩ ጋዞች ናቸው። ውሃው ኖራ የበዛበት ከሆነ ቀጥሎ ጥራቱ ይደበዝዛል፤ ብርሃን በጎን ሲያበሩበት በውስጡ የሚዋኝ ነጭ ብናኝ ይታያል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ በላዩ ላይ ሲነኩት የሚሰባበር ስስ ሽፋን ያገኛሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ባይካርቦኔቱን ይዞ የነበረው ሚዛን ይፈርሳል፤ ባይካርቦኔት ወደ ካርቦኔት ይመለሳል፣ ካርቦኔቱም ከ14 ሚሊ ግራም ብዙም በማይበልጥ ጣሪያ ሥር ስለማይበቃው ይዘቅጣል። ካልሲየም ካርቦኔት ራሱ በሙቀት ሟሚነቱ ከሚቀንስ ወገን መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። የሚዘቅጥበትን ቦታ ሲመርጥም በጣም የጋለውንና ሸካራ የሆነውን ነው፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ማሞቂያ ብረት ከሁሉ ቀድሞ ይለብሳል፣ አንዴ ከለበሰ በኋላ ደግሞ አሮጌው ቅርፊት ለአዲሱ መነሻ ይሆነዋል።

መጠኑን ለመገመት፦ ውሃዎ በሊትር 300 ሚሊ ግራም በካልሲየም ካርቦኔት የሚሰላ ባይካርቦኔት ቢኖረውና ማፍላቱ 200ውን ቢያስወጣ፣ በቀን አምስት ሊትር የሚያፈላ ቤት በየቀኑ አንድ ግራም ድንጋይ ይሠራል ማለት ነው። በወር 30 ግራም ነው። ሁሉም አይለጠፍም፣ ከፊሉ ከውሃው ጋር ይወጣል፤ ያም ሆኖ ማንቆርቆሪያዎ በሳምንታት ውስጥ መንጣቱ ሊያስደንቀን አይገባም።

ይህን ጉዳይ በሙከራ ያጣራው እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ካቨንዲሽ ነው። በ1767 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ራዝቦን ፕሌስ ከተባለ ቦታ ካለ ፓምፕ የሚወጣን ውሃ መርምሮ፣ በውሃው ውስጥ ያለው ኖራማ አፈር የተያዘው በዚያን ዘመን «የታሰረ አየር» ይባል በነበረው ጋዝ፣ ማለትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን፣ ሲፈላም ጋዙ ወጥቶ አፈሩ እንደሚዘቅጥ አሳየ። የኖራ ውሃ ቢጨመርበትም እንደሚዘቅጥ አገኘ። ይህ ሁለተኛው ግኝት ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ኖራ የበዛበትን ውሃ ኖራ ጨምሮ ማጥራት ይቻላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ የተጨመረው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ትርፉን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበላዋል፣ ያኔ የቆየውም አዲሱም ኖራ ካርቦኔት ሆነው አብረው ይወርዳሉ። የስኮትላንዱ ቶማስ ክላርክ በ1841 ይህን ለከተማ ውሃ ማለስለሻ ዘዴ አድርጎ የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል።

እህትዎ ቤት ለምን የለም? ውሃ የተራመደበትን ድንጋይ ይመስላል። ድሬዳዋ በኖራ ድንጋይና በአሸዋ ድንጋይ አካባቢ ነው ያለችው፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካዋም ጥሬ ዕቃ የሆነው ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የመጠጥ ውሃዋም የሚቀዳው ከከርሰ ምድር ነው። አዲስ አበባ ግን የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በወለደው ድንጋይ ላይ ነው፤ እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ካሉ ግድቦች የሚመጣው ውሃም በአብዛኛው በመሬት ገጽ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በመሆኑ ከኖራ ድንጋይ ጋር አልተገናኘም። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚደርሳቸው የከተማዋ ሰፈሮች ከዚህ የተለየ ውሃ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ «የአዲስ አበባ ውሃ» ብሎ በአንድ ቃል መናገር ያሳስታል። መቀሌ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ነገር ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ በዚያ አካባቢ ከኖራ ድንጋይ ሌላ ጂፕሰም፣ ማለትም ካልሲየም ሰልፌት የያዘ ድንጋይ አለ። ጂፕሰም ለመሟሟት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያስፈልገውም፣ በሊትር ከሁለት ግራም በላይ በራሱ ይሟሟል። በመሆኑም ካልሲየሙ በማፍላት አይወጣም፤ ኬሚስቶች የባይካርቦኔቱን ጥንካሬ ጊዜያዊ፣ የሰልፌቱን ቋሚ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሳሙና አልይዝ ማለቱም እዚሁ ይገባል። የተራ ሳሙና የሶዲየም ጨው ነው፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ የሶዲየሙን ቦታ ካልሲየም ሲወስድበት ግን የማይሟሟ ነጭ ጭቃ ይሆናል። በኖራማ ውሃ ሲታጠቡ አረፋው የሚዘገየው፣ ሳሙናው መጀመሪያ ካልሲየሙን ጨርሶ ማዝቀጥ ስላለበት ነው። ውሃዎ ጊዜያዊ ይሁን ቋሚ ጥንካሬ ያለው ለማወቅ ከፈለጉ፣ በሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች እኩል ውሃ ያድርጉ፤ በአንዱ ጥሬውን፣ በሌላው አሥር ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘና በጥጥ ወይም በወፍራም ጨርቅ የተጣራውን። እኩል የሳሙና ፍርፋሪ ጨምረው ይናጡ። የፈላው በጣም የተሻለ አረፋ ከሰጠ ጥንካሬው በአብዛኛው የባይካርቦኔት ነው፤ ሁለቱም እኩል ከሰነፉ ሰልፌት አለበት።

አሁን ስለ ማስለቀቅ። ቅርፊቱን በቢላ አይፋቁ፤ ብረቱን ይጭሩታል፣ የተጫረው ቦታ ደግሞ ለሚቀጥለው ቅርፊት የተመቸ መያዣ ይሆናል። አቼቶ ይበቃል። ቅርፊቱን የሚሸፍን ያህል አቼቶና ውሃ እኩል አድርገው ይጨምሩ፤ ጆሮዎን ቢያስጠጉ የሚንሿሿ ድምፅ ይሰማሉ። አሲዱ ካርቦኔቱን እያፈረሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲያስወጣው ነው፤ ካልሲየሙም በውሃ በደንብ የሚሟሟ ካልሲየም አሴቴት ሆኖ ይታጠባል። ሞቅ ያለ አቼቶ ይፈጥናል። ጠብታ አቼቶ አድርገውበት ምንም አረፋ ካልሰጠ ቅርፊቱ ካርቦኔት አይደለም፣ ጂፕሰም ወይም ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ይዘት) ሊሆን ይችላል፤ ያን አቼቶ አያስለቅቀውም።

ሎሚም ይሠራል፣ ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ሎሚ ጨምቀው አያፍሉት። የሎሚ አሲድ ከካልሲየም ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ሲትሬት ይሰጣል፤ እርሱም ድሮውንም በጥቂቱ የሚሟሟ ሲሆን ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ሟሚነቱ ይቀንሳል። አሲዱ ጥቂት፣ ቅርፊቱ ብዙ ሆኖ ከተፈላ አንዱን ነጭ ቅርፊት በሌላ መተካት ይሆናል። ሎሚውን ወይም የሎሚ አሲድ ዱቄቱን በለብታ ውሃ፣ በዛ አድርጎ፣ ጊዜ ሰጥቶ መጠቀም ነው። ጥያቄዎ ወዲህ መመለሱን ያስተውሉ፦ በሙቀት ሟሚነቱ የሚቀንስ ነገር የኬሚስትሪ ብርቅ ሳይሆን በወጥ ቤትዎ መደርደሪያ ላይ ያለ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አሲድን ከበረኪና ጋር በጭራሽ አያገናኙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። ማንቆርቆሪያው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ አቼቶውን አያሳድሩበት፤ ቅርፊቱ ሲያልቅ ብረቱን መብላት ይጀምራል።

ስለ ጤና ለጠየቁት፦ ካልሲየም ካርቦኔት አይጎዳዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው ጣሪያ የለም፤ በውሃ የሚገኝ ካልሲየምና ማግኒዥየም ለሰውነት የሚያስፈልግ ነው። ጉዳቱ በዕቃና በወጪ ላይ ነው፤ ቅርፊቱ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ማሞቂያው ከሚገባው በላይ ይግላል፣ መብራት ይበላል፣ ቶሎ ይቃጠላል፤ የቦይለር ቱቦም እየጠበበ ይሄዳል።

እንዲያውም የካልሲየም መኖር የሚጠብቀን ከአንድ ከባድ ነገር ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃ ሳሙና ወዲያው የሚይዝ፣ ለስላሳ፣ ማንቆርቆሪያ የማያለብስ ነው፤ ነዋሪው ጥሩ ውሃ ብሎ ሊያስበው ይችላል። ነገር ግን ያ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይይዛል፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነም ካልሲየሙ ገና ከመሬት ሳይወጣ ካርቦኔት ሆኖ ዘቅጧል። ካልሲየምና ፍሎራይድ ሲገናኙ ካልሲየም ፍሎራይድ የሚባል፣ በጥቂቱ ብቻ የሚሟሟ ድንጋይ ይሠራሉ፤ አንደኛው በውሃው ውስጥ ሲበዛ ለሌላኛው የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ሒሳቡ በቀላሉ ይሠራል፦ በሊትር 40 ሚሊ ግራም ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ3.5 ሚሊ ግራም ገደማ በላይ ሲሆን መዝቀጥ ይጀምራል፤ ካልሲየሙ 4 ሚሊ ግራም ብቻ ከሆነ ግን ፍሎራይዱ እስከ 11 ሚሊ ግራም ድረስ ሟሙቶ ሊቆይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለዓመታት ከዚያ በላይ የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ መጠኑ ሲብስና ጊዜው ሲረዝም አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል።

እዚህ ላይ ማፍላት አይረዳም። ኖራ በማፍላት የሚወጣው ይዞት የነበረው ጋዝ ስለሚሄድ ነው፤ ፍሎራይድን የያዘው ጋዝ አይደለም፣ ስለዚህ ውሃው እየተነነ በሄደ ቁጥር በቀረው ውስጥ ይበልጥ ይጠነክራል። ፍሎራይድ ጣዕምም ሽታም ቀለምም ስለማይሰጥ በቤት ውስጥ መለየት አይቻልም። ድሬዳዋ ላሉት ለእርስዎ አቼቶው ይበቃዎታል፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከጉድጓድ የሚጠጣ ዘመድ ካለዎት ግን ውሃው በቤተ ሙከራ ለፍሎራይድ ተመርምሮ እንደሆነ የአካባቢውን የውሃ ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቅ ይንገሩት፤ በቤቱ ትንንሽ ልጆች ካሉም ሳይውል ሳያድር ይሁን።